ዕቃዬን ትቼ የወጣሁበት መርከብ

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ማዘን ያማረው ሌላ ሰው ይፈልግ። እስከዚያ ዕድሜዬ ድረስ አዳማ ውስጥ፣ በጅቡቲ መንገድ የሚወጡና የሚወርዱ ከባድ መኪናዎችን ሞተር ስፈታና ስገጥም ነው የኖርኩት። ገጥሜው ሳይነሳ የቀረ ሞተር በጣት የሚቆጠር ነው። ያ ሁሉ ሞተር ግን በዋርሳዬ ዓይን አንድ መስመር አንብቦ ከመጨረስ ያነሰ ነበር።

ዋርሳዬ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ጡረታ የወጣ መምህር። ሰፈሩ በሙሉ «ቲቸር» ይለዋል፣ እኔም እንደዚያው። የምንኖረው በአንድ ግቢ ነው፤ የእሱ ቤት ከፊት፣ የእኔ ከጓሮ። በስሜ የተጻፈ ወረቀት ሁሉ ለሃያ ዓመት ያህል በእሱ ቁም ሣጥን፣ በአንድ አረንጓዴ ፎልደር ውስጥ ኖሯል፤ የቤቴ ካርታ፣ የጋብቻ ወረቀቴ፣ የልጆቼ የልደት ምስክር፣ እናቴ ከአዳሚ ቱሉ በሰው እጅ እያስጻፈች የላከችልኝ ደብዳቤዎች። አንዱ ወረቀት ሲያስፈልገኝ በሩን አንኳኩቼ፣ መነጽሩን ፈልጎ እስኪያገኝ ቆሜ እጠብቃለሁ። ደብዳቤ ከሆነ እሱ ያነባል፣ እኔ እሰማለሁ። እናቴ ለእኔ የላከችውን ሰላምታ እንኳ ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ፎልደሩ ወደ እሱ የሄደው በእኔ ጥፋት ነው። ድሮ የመብራት ቆጣሪ ውሌን ከጠረጴዛ ላይ አንስቼ ኩሽኔታ ጠቀለልኩበትና ለአንድ ሹፌር ሰጠሁት። ኩሽኔታውም ውሌም አዋሽን ተሻግረው ሄዱ። ሚስቴ አለቀሰች። ወንድሟ መጣና ቤት ውስጥ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ ሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ይቀመጣል» አለ። ያን ቀን ልክ ነበር። ልክ ያልሆነው፣ እኔ ማንበብ ከቻልኩ በኋላም አለመመለሱ ነው።

ማንበብ የተማርኩት ከሥራ በኋላ በጎልማሶች ክፍል፣ ጉልበቴ በማይገባበት የልጆች ዴስክ ላይ ነው። አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው። አማርኛን ያገኘሁት ከጋራዥ ስለሆነ መጀመሪያ የለመድኩት ስድቡን ነው። በዚያ አማርኛ ላይ ፊደል ለመጨመር ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀብኝ። የመጨረሻውን ፈተና ያለፍኩ ቀን ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ዋርሳዬ ቤት ገባሁ።

«ፎልደሬን ስጠኝ።»

«ምን ልታደርገው?»

«ላነበው።»

«ታነባለህ ወይስ ትዳብሳለህ?» አለኝ። «ማንበብ በዓይን ነው እንጂ በጣት አይደለም።»

እውነት ነው፣ የማነበው በጣቴ ነው፤ ዛሬም ድረስ። ጣቴ ያልረገጠውን ቃል አላምነውም። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት። አንዴ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ጠፋብኝ አለ። አንዴ ደግሞ «ትቀላቅልብኛለህ» አለ። የእኔን ወረቀት ነው እንግዲህ እኔ የምቀላቅልበት።

የዋርሳዬ ሴት ልጅ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች፤ የራሷ ልጆች ያሏት ትልቅ ሴት ናት። እሁድ እሁድ አባቷን ልትጠይቅ ትመጣለች። ባለፈው ዓመት ከገና በኋላ አንድ ጨዋታ በአባቷ ኮምፒውተር ላይ ጫነችለት። ፈረንጆቹ ኮምፒውተር ስዕል ማሳየት በማይችልበት ዘመን ከሠሯቸው አንዱ ነው፤ እሷ ለተማሪዎቿ ብላ ወደ አማርኛ መልሳዋለች። ስዕል የለውም፣ ድምፅ የለውም፤ በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ። ጠፈር ውስጥ በምትንሳፈፍ መርከብ ላይ ብቻህን ትነቃለህ። ሌሎቹ ሠራተኞች የሉም። ሞተሩ ቆሟል፣ አየሩ እያለቀ ነው። ኮምፒውተሩ ያለህበትን ቦታ ይነግርሃል፣ አንተ የምታደርገውን በሁለት በሦስት ቃል ትጽፍለታለህ፤ «በር ክፈት»፣ «ወደ ግራ ሂድ»፣ «ገመድ ውሰድ»። በጻፍክ ቁጥር አንድ ትንፋሽ ይቀነስብሃል። ያለህ ሁለት መቶ ትንፋሽ ነው። ሳያልቅብህ ሞተሩን ካስነሳህ ወደ ምድር ትመለሳለህ።

ዋርሳዬ አንድ ወር ሙሉ ተተከለበት። ጾሙ ሊገባ ሰሞን በአንድ እሁድ ከሰዓት፣ ደግሞ ለፎልደሩ ልለምን ስገባ፣ ጠረጴዛው በወረቀት ተሞልቶ አገኘሁት። በማስመሪያ የተሰመሩ ካርታዎች ናቸው። መርከቧ ሆድ ውስጥ ሰው የሚሄድባቸው የተጠላለፉ ቧንቧዎች አሉ፣ ሞተሩ ያለው ከእነሱ ወዲያ ነው፣ እሱ ደግሞ ገብቶ መውጫው ጠፍቶበታል።

«ሁሉም አንድ ነው!» ይላል ለልጁ። «ወደ ግራ ብሄድ ‹ጠባብ ቧንቧ ውስጥ ነህ›፣ ወደ ቀኝ ብሄድ ‹ጠባብ ቧንቧ ውስጥ ነህ›። ተሳስተሽ ነው የተረጎምሽው።»

ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቅሃል? ና እስቲ አንተ ተቀመጥበት!» ፊቱ ቀላ። «ማንም አንዲት ቃል ሳያነብልህ ይህን ከጨረስክ ፎልደሩን በገዛ እጄ አወጣልሃለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ፋሲካ።»

«ካልጨረስኩስ?»

«ካልጨረስክ ሁለተኛ ‹ፎልደር› የሚል ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ።»

«ጋሼ፣ እሺ እንዳይሉት» አለችኝ ልጁ። «እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ ሞቼበታለሁ።»

«እሺ» አልኩ።

የመጀመሪያው እሁድ ያለቀው በመጻፊያው ላይ ነው። ልጁ የአማርኛውን ፊደል በወረቀት ጽፋ ቁልፎቹ ላይ በፕላስተር ለጥፋልኛለች። «ተመልከት» የምትለዋን አንዲት ቃል ለመጻፍ አንድ ጎማ የሚቀየርበት ጊዜ ፈጀብኝ። ዋርሳዬ ከኋላዬ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። «በርታ፣ ፋሲካ ገና ነው» ይላል። በጣቴ እያስኬድኩ ጮክ ብዬ ሳነብ ስክሪኑን የግራሶ አሻራ በአሻራ አደረግሁት። እሱም ለልጁ «መስታወት ማጽጃ ይዘሽ ነይ» ይላታል።

ግን ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። መርከቧ የምትቆጥርብህ የጻፍከውን እንጂ ያነበብክበትን ጊዜ አይደለም። አንዱን መስመር ሰዓት ሙሉ ብታነበው አንዲት ትንፋሽ አትቀንስም። በሕይወቴ ያየሁት ጽሑፍ ሁሉ ከጀርባው የሚያጣድፍ ሰው ነበረው፤ የባንኩ ሰልፍ፣ የቢሮው ጸሐፊ፣ የዋርሳዬ መነጽር። ይህ የመጀመሪያው የሚጠብቀኝ ጽሑፍ ነው። ዋርሳዬ ግን የለመደ አንባቢ ነው። ግማሹን አይቶ ይበቃኛል ይላል፣ ከዚያ ይጽፋል፣ ከዚያ ይሞታል።

ከሁለት እሁድ በኋላ ቧንቧዎቹ ውስጥ ገባሁ። ያለው አልቀረም። «ጠባብ ቧንቧ ውስጥ ነህ። በየአቅጣጫው ሁሉም አንድ ይመስላል።» ወደ ግራ ሄድኩ፤ ያው ቃል። ወደ ፊት ሄድኩ፤ ያው ቃል።

ተነስቼ ውኃ ጠጣሁ። እኔ አንድ የሚመስል ነገር ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ትልቅ ሞተር ስትፈታ ውስጡ ያሉት ክዳኖች መንትያ ናቸው፤ የአንዱን ቦታ ለሌላው ከሰጠኸው ግን ሞተሩን ትገድለዋለህ። የተማሩት መካኒኮች ቁጥር ይጽፉባቸዋል። እኔ መጻፍ ስለማልችል በመብሻ አንድ ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ፣ አንድ ሰረዝ እየመታሁ ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ። እዚህ መብሻ የለኝም። ከመርከቧ ክፍሎች የለቃቀምኩት ዕቃ ግን አለኝ፤ ጓንት፣ ኩባያ፣ ገመድ፣ ባትሪ፣ መዶሻ፣ መፍቻ፣ የካፒቴኑ መዝገብ። ሰባት።

ተመልሼ ተቀመጥኩና «ጓንት ጣል» ብዬ ጻፍኩ።

ዋርሳዬ ቆሎው ትን አለው። «ምን እያደረግህ ነው? ዕቃ ይጣላል እንዴ? በኋላ ያስፈልግሃል እኮ!»

ወደ ግራ ሄድኩ፣ ኩባያ ጣልኩ። ወደ ፊት ሄድኩ፣ ገመድ ጣልኩ። ከዚያ ወደ ቀኝ ስል እንዲህ የሚል ወጣ፤ «ጠባብ ቧንቧ ውስጥ ነህ። በየአቅጣጫው ሁሉም አንድ ይመስላል። እዚህ ጓንት አለ።»

ጣቴ «ጓንት» የምትለዋ ላይ ቀረ። የት እንዳለሁ አውቄአለሁ። አንድ ወር ሙሉ በማስመሪያ ያልተገኘ ነገር ነው።

ቧንቧዎቹ ሰባት ብቻ ነበሩ። ሰባተኛው ላይ መዝገቡን ስጥል «ከፊትህ የሞተሩ ክፍል በር ይታያል» አለኝ። ልጁ አጨበጨበች። አርባ ስምንት ትንፋሽ ቀርቶኛል፤ ብገባ ይበቃኝ ነበር።

አልገባሁም። እዚህ ላይ ያደረግሁትን መካኒክ ያልሆነ ሰው አይገባውም። ጋራዣችን ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ሥራ ሲያልቅ ዕቃ ይቆጠራል። አንዲት ካቻቢቴ ከጎደለች ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፣ የተገጠመውም ሞተር ይፈታል። በሰው ሞተር ውስጥ መፍቻ ረስቶ የወጣ ሰው ስሙ እስከ ሻሸመኔ ነው የሚሄደው። እጄ ሳላስበው «ወደ ኋላ ሂድ» ብሎ ጻፈ። የጣልኩትን እየለቀምኩ ተመለስኩ፣ ምልክት ባነሳሁ ቁጥር መንገዱ እየጠፋኝ፤ መዝገቡን፣ መፍቻውን፣ መዶሻውን። አምስተኛው ዕቃ ላይ «ትንፋሽህ አለቀ» አለኝ።

ዋርሳዬ እስኪያስለው ሳቀ። «ሰውዬው ጠፈር ላይ ዕቃ ይለቅማል! ሊሞት ነው እኮ፣ ኩባያ ይለቅማል!» ማታውኑ ግቢው ሁሉ ሰማ። በማግሥቱ ጋራዥ ስገባ ልጆቹ «አቦ፣ ጠፈር እንዴት ነው? ኩባያዋ ተገኘች?» ማለት ጀመሩ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ አዳማ ነው፣ ወሬ በባጃጅ ነው የሚሄደው። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ማናገር አስጠላኝ። ያበሳጨኝ መሳቃቸው አይደለም። ማንበቡ አላቃተኝም፤ ያቃተኝ መተዉ ነው።

ስትሞት ቧንቧዎቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ በሚቀጥለው እሁድ ብዙ ትንፋሽ ፈጅቼ ሰባቱንም ጥዬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ዞር ሳልል በሩን ከፍቼ ገባሁ። እንዲህ ይላል፤

«የሞተር ክፍል። ትልቁ ሞተር ዝም ብሏል። ማስነሻው ሲዞር ሞተሩ አብሮ ይዞራል፣ እሳት ግን አይይዝም። ጋኑ በነዳጅ ሞልቷል። ከነዳጁ ቧንቧ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ቧንቧው ጫፍ ላይ አንድ ቡሎን አለ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛው ላይ ገባኝ። ይህን ነገር በምድር ላይ ከእኔ በላይ የሚያውቀው ማን ነው? ነዳጁ ውስጥ አየር ገብቷል! ከወለንጪቲ እስከ ሞጆ ባለው መንገድ ዳር ላይ ስንቱን ናፍታ መኪና ቡሎን እየፈታሁ፣ አየሩን እያስወጣሁ ከዚህ በሽታ አስነስቻለሁ። ጨዋታውን የሠራው ፈረንጅ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እጁ ግን አንድ ቀን ናፍታ ነክቷል፣ ያንን እምላለሁ።

«ቡሎን ፍታ» ብዬ ጻፍኩ።

«በባዶ እጅ አይፈታም» አለኝ።

መፍቻው ስድስተኛው ቧንቧ ውስጥ ወድቋል። የቀረኝ ሦስት ትንፋሽ ነው። ሞትኩ።

በዚህኛው ዋርሳዬ አልሳቀም። ወንበሩን አስጠግቶ፣ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ዝቅ አድርጎ፣ ገብቶበት የማያውቀውን ክፍል ያነባል።

«የምን ቡሎን ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ቡሎኑ ምን ያደርግልሃል?»

«እኔ ላነብልህ አልችልም» አልኩት። «በውላችን የለም።»

ልጁ ፊቷን አዙራ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የማስበው ስለ ሰባተኛው ምልክት ነበር። መፍቻውን ከያዝኩት ለሰባት ቧንቧ ያለኝ ስድስት ዕቃ ነው። ስድስቱን ብቻ ባደርግስ ብዬ በኖራ መሬት ላይ ሥዬ ሞከርኩት፤ አንዱ ቧንቧ ያለ ምልክት ይቀራል፣ በሩ ደግሞ ሰባተኛው ዕቃ እስኪጣል አይታይም። ሌላ የሚወሰድ ዕቃ ደግሞ መርከቧ ውስጥ የለም፤ እያንዳንዱን ክፍል ቃል በቃል አንብቤዋለሁ።

የሆሣዕና እሁድ የመጨረሻው ነበር። ዋርሳዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመጣ የዘንባባ ቀለበቱን ግንባሩ ላይ እንዳሰረ ተቀመጠ። ሚስቴም መጣች፤ ከዚያ በፊት አንድም ቀን መጥታ አታውቅም። በሩ አጠገብ ቆማ «ተቀመጪ» ስትባል «ይሻለኛል» አለች።

ጀመርኩ። ከመርከቧ መኝታ ስነሳ የሚወጣው የመጀመሪያው ጽሑፍ በቃሌ ነው፣ ግን በጣቴ አነበብኩት። «ትነቃለህ። ራስህን ያዞርሃል። የሥራ ልብስና ከባድ ጫማ ለብሰሃል።» ስንት ጊዜ ያለፍኩበት መስመር ነው። ጣቴን «ጫማ» ላይ አቆምኩ።

«ጫማ አውልቅ።»

«ጫማህን አውልቀሃል። ወለሉ ይበርዳል።»

«እንዴ!» አለ ዋርሳዬ። «በባዶ እግሩ ሊሄድ ነው! ወደ ሰማይ በባዶ እግር!»

«አባዬ፣ ዝም በል» አለች ልጁ።

ሰባተኛው ቧንቧ ላይ ጫማዬን ጣልኩ። መፍቻውን ይዤ በሩን ከፈትኩ። ዘጠኝ ትንፋሽ ቀርቷል። «ቡሎን ፍታ በመፍቻ።» ተፈታ፤ ስምንት። «ማስነሻ አዙር።» «ከቧንቧው አረፋ ይወጣል» አለኝ፤ ሰባት።

«እሰረው!» አለ ዋርሳዬ። «ወጣ እኮ! እሰረው በቃ!»

አላሰርኩም። አረፋ እየወጣ ያሰረ ሰው ሥራውን ሀ ብሎ ነው የሚጀምረው። እንደገና አዞርኩ። «ከቧንቧው አረፋ ይወጣል።» ስድስት። እንደገና። «ከቧንቧው አረፋ ይወጣል።» አምስት። ዋርሳዬ ከወንበሩ ተነስቷል። «አንተ ሰውዬ ልትሞት ነው!» ይላል፤ ለእኔ ሞት እንዲህ ሲጨነቅ አይቼው አላውቅም። አራት ሆነ፣ አሁንም አረፋ። አንድ ጊዜ ደግሜ አዞርኩ።

«ከቧንቧው ንጹሕ ነዳጅ ይወጣል።»

ሦስት ትንፋሽ። «ቡሎን እሰር በመፍቻ።» ሁለት። «ማስነሻ አዙር።»

የወጣው ጽሑፍ ረጅም ነበር። ማንም አላነበበልኝም፤ ሁሉም ጣቴን ጠበቁ። «ሞተሩ ያስላል። ሞተሩ ይነሳል። አየር ወደ ክፍሎቹ ሁሉ ይገባል። በመስኮቱ በኩል ምድር ትታያለች፤ ሰማያዊ ናት። ድነሃል።»

ሚስቴ እልል አለች። በጾም ቀን ምን እልልታ ነው ብሎ የተቆጣት የለም።

ዋርሳዬ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ «ይህ እኮ የሞተር ነገር ስለሆነ ነው» አለ።

«ሞተሩ በጽሑፍ ነበር» አልኩት።

ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ። የቁም ሣጥኑ በር ሲጥ ሲል ሰማሁ፤ ጠፋ የተባለው ቁልፍ በአንዴ ተገኝቷል። ፎልደሩን በሁለት እጁ ይዞ መጣ። አረንጓዴነቱ ለቆ ግራጫ ሆኗል።

«ቁጠረው» አለኝ። «የጎደለ የለም።»

«አልቆጥረውም። አነበዋለሁ።»

ምሬቴ ያን ቀን አልለቀቀኝም፣ አሁንም አለ። ግቢውን አቋርጬ ከፊት ቤት ወደ ጓሮ ቤት ስሄድ ግን የተሸከምኩት የራሴን ስም ነው፣ ደረቴንም ነፍቼ ነው የሄድኩት፤ ያየ ይየው። እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ሚስቴ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እሷ ማንበብ አትችልም።

ከሁሉም በፊት የእናቴን የመጨረሻ ደብዳቤ አወጣሁ። ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ዋርሳዬ ያን ጊዜ ያነበበልኝ ትዝ ይለኛል፤ ጤናዋን፣ የበቆሎውን፣ የዝናቡን። በጣቴ ጀመርኩ። ጤናዋ አለ። በቆሎው አለ። ዝናቡ አለ። ከዝናቡ በታች አንድ መስመር አለ፣ በዚያ ቀን ያልሰማሁት፤ «ይህን ለሚያነብልህ ሰው እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ፣ ልጄን ያገኘሁት በእሱ አፍ ነው።»

ቆምኩ። ሰውዬው ስለ ራሱ የተጻፈውን ምስጋና ዘልሎታል። ኮርቶ ይሁን አፍሮ አላውቅም። ወደ ፊት ቤት ሄጄ የምሰድበው ስድብ ላንቃዬ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ዋጥኩት፤ አልጣፈጠኝም።

«ምን አለች?» አለች ሚስቴ። «ለምን ዝም አልክ? ከዚያስ?»

«ቆይ» አልኳት። ጣቴን ወደሚቀጥለው ቃል አሻገርኩ። «ገና አልደረስኩበትም።»